ለዘውዱ ዋስ የሆንኩ ጊዜ

ሰው ለወንድሙ ዋስ ይሆናል፤ ለጎረቤቱ፣ ለመሥሪያ ቤት ጓደኛው ዋስ ይሆናል። እኔ ግን ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምስክር ባለበት፣ ከወንበሬ ተነስቼ ቴሌቪዥን ውስጥ ላለ ሰው ዋስ ሆኛለሁ። ያውም ለሰካራም። ሳቁ፣ ግድ የለም። ያን ቀን የሳቀ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም እስከ ዛሬ ይህን ነገር ሳወራ ላብ ላብ ይለኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጊዜው ቴሌቪዥን አንድ ጣቢያ ብቻ የነበረበት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከአንዱ ግምገማ ወጥቶ ሌላው ግምገማ የሚገባበት ጊዜ ነው። እኔ ከደሴ መጥቼ የማዳበሪያ ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር፤ የተከራየሁት እትዬ ጥሩዬ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ጥሩዬ የበርበሬ ነጋዴ ናት። በርበሬውን ከቡሬ ገበያ እያመጣች በጆንያ ሳሎኗ ውስጥ ትደረድራለች፤ ቴሌቪዥኑም ከጆንያዎቹ መካከል ሳጥን ላይ ተቀምጧል። እሁድ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው ድራማ ለማየት እዚያ ይሰበሰባል። ሁሉም ያነጥሳል፣ ሁሉም ያለቅሳል፤ ማን በድራማው፣ ማን በበርበሬው እንደሚያለቅስ የሚለይ የለም።

ድራማው እያሳቀ ሆድ የሚያባባ ዓይነት ነው። ዋናው ሰውዬ ዘውዱ ይባላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጠጪ ነው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የሰው ጆሮ ይቆርጣል፤ አንዴ የሙሽራ ፀጉር እኩሌታውን ላጭቶ እንቅልፍ ወስዶት፣ ሙሽራው ባርኔጣ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። መጀመሪያ መጀመሪያ እንስቅበት ነበር። በኋላ ሚስቱ ሶስና ልብሷን ሸክፋ እናቷ ቤት ስትሄድ፣ ዘውዱም ባዶ ቤት ውስጥ ለብቻው ሲቀልድ አይተን ሳቁ ቀረ። ከዚያ መጠጡን ተወ። ሶስናም ተመለሰች። እንግዲህ ጭቅጭቁ የተጀመረው ያኔ ነው፤ ሰውዬው ከልቡ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም?

እትዬ ጥሩዬ «አልተለወጠም» ባይ ናት። «እኔ ይኼን ዓይነቱን አውቀዋለሁ፤ አሁን ጡት እንደጠገበ ጥጃ ይለሰልስና ነገ ያገረሽበታል» ትላለች።

እውነትም ታውቀዋለች። ባሏ ጋሽ ቢተው ባለ ጋሪ ነው። ደግ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ አዛውንት ካየ ያለ ሒሳብ የሚያሳፍር ሰው፤ ግን አረቄ ይወዳል። ጠጥቶ መምጣቱ ብቻ ቢሆን እኮ ባልከፋ፤ ጠጥቶ መጥቶ «አልጠጣሁም» ማለቱ ነው እሷን የሚያነዳት። አንድ ቀን ጠርሙሱን ከኮቱ ስታወጣበት «የፈረሱ መድኃኒት ነው፤ ሳል ይዞት» ብሏታል። ፈረሱ ሳል የሚባል ነገር አያውቅም። ወንድሙ ዋስ ሆኖለት አሳፈረው፣ የክርስትና ልጁ አባት ዋስ ሆኖለት አሳፈረው። በመጨረሻ ጥሩዬ አስወጣችው፤ እሱም በቡሬ መንገድ ወዳለው የወንድሙ አገር ሄደ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። «ይመለስ፤ ግን ዋስ ይጥራ» አለች። የሚጠራው ዋስ ጠፋ፤ በዚያ አገር ያለ ዋስ ደግሞ እርቅ የለም።

እዚህ ላይ አንተን ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል! ጋሽ ቢተው ሲሄድ ፈረሱ ቀረ። ጥሩዬ ደግሞ «ፍርዱ ሳያልቅ የጋራ ንብረት ከግቢ አይወጣም» ብላ ጋሪውንም ፈረሱንም አገደች። ማን ያብላው? ማን ወንዝ ያውርደው? ሴትዮዋ ገበያ ትውላለች። ከግቢው ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። «አንተስ የግብርና ሰው አይደለህ?» አለችኝ። እኔ እኮ የማውቀው ማዳበሪያ ነው! ደሴ ፒያሳ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ፈረስ የማውቀው ከሩቅ ነው። ፈረሱም ይህን በመጀመሪያው ቀን ተረዳ። ወደ ወንዝ እየመራሁት ይመስለኛል እንጂ የሚመራኝ እሱ ነበር፤ በዋናው መንገድ መሐል ቆሞ ባጃጁን ሁሉ ሲያስጮህ እኔ ልጓሙን ይዤ እለምነዋለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ያዩኛል። በግምገማ ላይ አንዱ ተነስቶ «ጓድ ባለሙያ በሥራ ሰዓት ጋሪ ይነዳል የሚል ጥቆማ አለ» አለና ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ምን ብዬ ላድርግ? «ጋሪ አልነዳሁም፣ ፈረስ ነው የነዳኝ» ብል ማን ይሰማኛል? ስለዚህ የጋሽ ቢተው መመለስ ለእኔ የኑሮ ጉዳይ ነበር።

ለዚህም ነው የዘውዱ ጠበቃ የሆንኩት። «ሰው ይለወጣል!» እላለሁ በየሳምንቱ፤ «ደራሲው ይኼን ሁሉ መንገድ አምጥቶት መልሶ አይጥለውም። የገጸ ባሕርይ እድገት የሚባል ነገር አለ!»

«ምን አደገ?» ትላለች ጥሩዬ። «ጠርሙስ ማስቀመጥ እድገት ነው? ጠርሙሱማ ካለቀ ሁሉም ያስቀምጠዋል።»

በመካከላችን የሚቀመጡት አያ ዘለቀ ናቸው። ድሮ የአጥቢያ ዳኛ የነበሩ፣ የጥሩዬንም እርቅ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ድራማ ሲያዩ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ችሎት ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ዘውዱ ሲቀልድ አይስቁም። «ይኼ ሰው ቃሉን ለማን ሰጠ? ሽማግሌስ አለበት? እንዲሁ ‹ትቻለሁ› ብሎ ነው የገባው? አበስኩ ገበርኩ! አዲስ አበባ እርቅ እንዲህ ነው?» ብለው ያዝናሉ።

አንድ እሁድ ክርክሩ ጋለ። ጥሩዬ «ከፋሲካ በፊት ይጠጣል» አለች። እኔ ደረቴን መታሁና «አይጠጣም! እኔ ዋስ!» አልኩ።

አያ ዘለቀ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ቁም» አሉኝ።

«ኧረ አያ ዘለቀ፣ እንዲያው ለጨዋታ...»

«ዋስነት ጨዋታ አይደለም። አፍህ ካወጣው ተነስና በወጉ አድርገው፤ አለዚያ ‹ውሸቴን ነው› በል።»

ውሸቴን ነው ማለት ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሞት ነው። ቆምኩ። «የማን ዋስ ነህ?» «የዘውዱ።» «የአባቱ ስም?» አላውቅም። ሰዉ ተንጫጫ፤ አንዱ በአንድ ክፍል ላይ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣለት «ዘውዱ በልሁ» ሲባል ሰምቻለሁ አለ። «እንግዲህ ዘውዱ በልሁ ዳግመኛ ቢጠጣ ምን ትሆናለህ?» አሉኝ። «ሰውዬውን አቀርባለሁ፤ ባላቀርብ በቦታው እቆማለሁ» አልኩ። ሌላው ሁሉ ሲምል እንደሰማሁት ነው የማልኩት። አያ ዘለቀ ምስክር ቆጠሩ።

ጥሩዬ ይህን ሁሉ አየችና እንዲህ አለች፤ «ስማኝማ። ለዚያኛው ዋስ ሆነህ ካላሳፈረህ፣ ለቢተውም ዋስ ብትሆን እቀበልሃለሁ። ዓይንህ ሰው የሚያውቅ መሆኑን በዚያ አየዋለሁ። ካሳፈረህ ግን ከእንግዲህ የቢተውን ነገር በዚህ ቤት የሚያነሳ የለም፤ ጋሪውንም እሸጣለሁ።» ፊቷን ሳየው እየቀለደች አይደለም። እንዲህ አድርጌ የሰው ትዳር ከማላውቀው ደራሲ እጅ አገባሁት።

በሳምንቱ ለመስክ ሥራ በቡሬ መንገድ ስንወርድ መኪናውን አስቁሜ ጋሽ ቢተው ዘንድ ሄድኩ። ድንች እየቆፈረ አገኘሁት። ከስቷል፤ ፊቱ ግን ጠርቷል። ከቤቱ ከወጣ ወዲህ አልቀመሰም፤ ወንድሙም ይህን መሰከረልኝ፣ አንዴ ስለተቃጠለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው እንጂ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። መቆፈሪያውን አስቀምጦ ጓሉ ላይ ተቀመጠ።

«አሁን እንዴት ነው?» አለኝ።

«ማን?»

«ዘውዱ ነዋ! እኔ ስወጣ ገና መንቀጥቀጡ አልተወውም ነበር። ሶስናስ ታምነዋለች?»

«እንዲያው እየተጠራጠረችም ቢሆን፣ ታምነዋለች።»

«እሱን መጠራጠሯ ነው የሚጎዳው» አለና መሬት መሬቱን አየ። «ማየት አለብኝ። ሰው በነገረኝ አይሆንልኝም።»

አሁን ችግሩን ተመልከቱልኝ። የወንድሙ አገር መብራት የለም። ጥሩዬ ቤት አይገባም። ሆቴል ገብቶ ቴሌቪዥን ለማየት ቢራ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ የድሮ ደንበኞቹ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለሚያዩት ያፍራል። በከተማው ዳር ቴሌቪዥን ያስገባ አንድ አረቄ ቤት ነበር። ስለዚህ መጠጥ የተወው ሰውዬ፣ ሌላው ሰውዬ መጠጥ መተዉን ለማየት፣ እሁድ እሁድ ከገጠር በእግሩ እየመጣ አረቄ ቤት ይቀመጥ ጀመር!

ስሰማ ሮጬ ሄድኩ። ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንድ መለኪያ አረቄ ፊቱ አለ፤ ሳይገዙ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ያዘዘው ነው። አልነካውም። ድራማው ሲያልቅ አጠገቡ ላለው ሽማግሌ ገፋ አደረገለትና ወጣ።

«ጋሽ ቢተው፣ በሞቴ፣ ቢያንስ በር ላይ ቆመህ እይ» አልኩት።

«ከበር ሆኜ ፊቱ አይታየኝም» አለኝ። «ዘውዱ ሊጠጣ ሲል የታች ከንፈሩን ይነክሳል። እናንተ አላያችሁትም? እኔ አውቀዋለሁ።»

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። ወዲያው ለጥሩዬ ደረሳት፤ «ባልሽ እሁድ እሁድ አረቄ ቤት ነው» አሏት። በርበሬዋን ስትመዝን ሚዛኑን ማንጓጓት ጀመረች። እኔ ልንገራት ወይ ልተው ብዬ ተጨነቅሁ። ቆይ፣ ምን ልበላት? «አረቄ ቤት የሚሄደው አረቄ እንዳይጠጣ ነው» ልበላት? ይህን የሚያምን ሰው ብትሰጡኝ ለእሱም ዋስ እሆናለሁ። አንድ ቀን ግን ደፍሬ «ድራማውን ሊያይ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አንተም የፈረስ መድኃኒት ልትለኝ ነው?» አለችኝ።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል ያ እሁድ መጣ።

በዚያ ዕለት ዘውዱ ሱቁን ጠርጎ፣ መስታወቱን ወልውሎ ደንበኛ ይጠብቃል። የድሮ ደንበኛው በበር አለፈ። ዘውዱ «ግባ እንጂ፣ እጄ ድኗል፣ እይ!» ብሎ እጁን ዘርግቶ አሳየው። አልተንቀጠቀጠም። ሰውዬው ሳቀና «ጆሮዬን እወደዋለሁ» ብሎ ማዶ ካለው ፀጉር ቤት ገባ። ጥሩዬ ቤት ማንም አልሳቀም። ዘውዱ በሩን ዘጋ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ መስታወት ውስጥ ራሱን ረዥም ጊዜ አየ። ከዚያ እጁን ከሽቶው ጀርባ ሰደደ።

የታች ከንፈሩን ነከሰ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጠጥቶ ጨርሷል። አፉን በውኃ ተጉመጠመጠ፣ ሽቶ ነሰነሰ፣ ቤቱ ሄዶ አንኳኳ። ሶስና በሩን ከፈተች፤ ተያዩ። እዚያ ላይ አበቃ።

አያ ዘለቀ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ዋስ፣ ቁም።»

ቆምኩ።

«ሰውህን አቅርብ።»

«አያ ዘለቀ፣ እርስዎም ያውቃሉ፣ ሰውዬው ተዋናይ ነው። እውነተኛ ስሙም ዘውዱ አይደለም። አዲስ አበባ ነው ያለው!»

«ዋስ ስትሆን ይኼን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አሁን በምን ታመካኛለህ?»

እንዲህ ያለ ዳኝነት ይግባኝ የለውም። እኔ ግን ስለ ራሴ አልነበረም የጨነቀኝ። ጥሩዬን ነው ያየኋት። አሸንፋለች፤ ያለችው ሆኗል። የአሸናፊ ፊት ግን አይደለም ያላት፤ ሰው እንደሞተባት ሆናለች። ነጠላዋን አነሳችና «የአዲስ አበባው ይቆየኝ» አለች። «የእኔን አቅርቡልኝ። እዚያው ተቀምጦ ልየው፤ በዓይኔ አይቼ ልቁረጥ።»

ወጣን። ከፊት ጥሩዬ፣ ከኋላዋ አያ ዘለቀ፣ ከእሳቸው ኋላ እኔ። ፀሐይ ገና አልበረደም ነበር። በዋናው መንገድ ላይ ባለ ጋሪዎቹ አለንጋቸውን አውርደው አዩን፤ የት እንደምንሄድ ሁሉም ያውቃል። በልቤ ግን ተስፋ ነበረኝ። ያልተነካውን መለኪያ ታየዋለች፤ እኔም እመሰክራለሁ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል ብዬ ነበር።

ጋሽ ቢተው ጥጉ ላይ ነበር። አያ ዘለቀን ሲያይ ተነሳ። መለኪያው ባዶ ነው።

ጥሩዬ መለኪያውን አየች፣ እሱን አየች። «ጠጥተሃል?» አለችው።

አጠገቡ የነበረው ሽማግሌ ቀደመ። «ኧረ የኔ እመቤት፣ ሰውዬው ለወጉ ነው የሚያዝዘው! እሁድ እሁድ ለእኔ ነው የሚሰጠኝ፤ ማርያምን!» አለ። የአረቄ ቤቱ ባለቤትም «እውነቱን ነው፣ በዚህ ቤት ሲጠጣ አላየሁም» አለች። እኔም እጄን አነሳሁ፤ ለምስክርነት አፌን ከፍቻለሁ። ቤቱ ሁሉ ከክሱ ነፃ ሊያወጣው ተነስቷል። «አዎ፣ ለእሱ ሰጠሁት» ማለት ብቻ ነበር የሚቀረው።

«ዛሬ ጠጥቻለሁ» አለ ጋሽ ቢተው።

ያነሳሁትን እጄን አወረድኩ።

«እነሱ ያሉት ያለፈውን ነው፤ እውነት ነው። ዛሬ ግን ዘውዱ ሲያነሳ አነሳሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጥሩዬ። ያ ሰውዬ ሲስቅበት እኔ ላይ የሳቀ መሰለኝ። ሌላ አልደገምኩም። ግን ጠጥቻለሁ።»

ጥሩዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በጠራራ ፀሐይ፣ አረቄ ቤት፣ ጥሩዬ! የቤቱ ጠጪ ሁሉ መለኪያውን ከጀርባው ደበቀ። «ከተጋባን ጀምሮ ይኼን ነገር ስጠይቅህ ኖሬአለሁ» አለችው። «አዎ ያልከኝ ዛሬ ነው።»

«አልሰማሽኝም እንጂ ሁልጊዜም በሆዴ እልሽ ነበር» አላት።

አያ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥፋቱን አምኗል። ማመኑ መልካም ነው። ያለ ዋስ ግን እርቅ የለም፤ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ጠጥቶ ተገኝቷል። ለዚህ ሰው ዋስ የሚሆን አለ?»

እጄን አወጣሁ። አያ ዘለቀ ሳያዩኝ «አንተ መጀመሪያ የፊተኛውን አቅርብ» አሉኝ። መለኪያ የሚሰጠው ሽማግሌም ወደ ባዶው መለኪያ አቀረቀረ። ማንም የለም። ጋሽ ቢተው ኮቱን አነሳ፤ ወደ ወንድሙ አገር ሊመለስ ነው።

«እኔ» አለች ጥሩዬ።

አያ ዘለቀ ዞሩ። «አንቺ እኮ ከሳሽ ነሽ።»

«ነኝ።»

«ከሳሽ ለተከሳሹ ዋስ ሲሆን በዘመኔ አላየሁም።»

«እንግዲያው ይዩ፣ አንቱ! ዋስ ሥራው ሰውዬው የጠፋ ዕለት አግኝቶ ማቅረብ አይደለም? ቢተው የጠፋ ዕለት የት እንደሚገኝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ? ደግሞ ስጠይቀው የሚነግረኝ ከሆነ፣ አቀርበዋለሁ። የሚዋሸኝ ዕለት ግን ዋሱም ከሳሹም ያው አንድ ነን፤ እዚያው በዚያው እንጨርሰዋለን።»

አያ ዘለቀ ብዙ አሰቡ። ሕጉ ውስጥ ፈልገው ያጡት መሰለኝ፤ የሚከለክለውንም አላገኙም። «ቁሚ እንግዲህ» አሏት። ቆመች። የባሏን ስም ከነአባቱ ጠርታ ዋስ ሆነች። ባለቤቲቱ ምስክር፣ ሽማግሌው ምስክር፣ እኔ ምስክር። ስንመለስ ጋሽ ቢተው አፉን በእጁ ይዞ ከኋላ ከኋላ ይመጣ ነበር፤ እንዳይሸት። ጥሩዬ ቆም ብላ ጠበቀችውና ጎን ለጎን ሄዱ።

በማግስቱ ፈረሱን አስረከብኩ። ግምገማው ላይም «የጎን ሥራዬን አቁሜአለሁ» ብዬ ግለ ሂስ አደረግሁና ተጨበጨበልኝ። የዘውዱ ነገር ግን አልተዘጋልኝም። አያ ዘለቀ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ ከሰላምታው ቀጥሎ «ሰውህስ?» ይሉኛል።

እሁድ ደረሰ። ሳሎኑ ሞላ። ጋሽ ቢተው ከጥሩዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ታጥቦ፣ ተላጭቶ። በድሮ ጊዜም ድራማ ሲያይ አይናገርም ነበር፤ ሌላው ሲከራከር እሱ ዝም ነው። ድራማው ካቆመበት ጀመረ። ሶስና በሩን ይዛለች፣ ዘውዱ ደጅ ቆሟል። አየችው፣ አሸተተችው። «ጠጥተሃል?» አለችው።

ዘውዱ ፈገግ አለ። ቀልድ ሊያመጣ ሲል የሚያደርጋት ፈገግታ ናት፤ ሁላችንም እናውቃታለን። አፉን ከፈተ።

ጋሽ ቢተው ከበርጩማው ብድግ አለ። «ንገራት!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ሰውዬ፣ ንገራት! ንገራት እንጂ፣ አትሞትም!»

ዘውዱ ምን ብሎ እንደመለሰ አልሰማንም። ጥሩዬ ቴሌቪዥኑን ትታ ባሏን ታይ ነበር።